ሮም ለእግረኛ

ሮም የምድር ውስጥ ባቡር አላት፤ ግን ባቡሩ የድሮውን ከተማ ዳር ዳሩን ታክኮ ነው የሚያልፈው። መስመሮቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ለሦስተኛው መስመር ጣቢያ የሚቆፍሩ መሐንዲሶች መሬቱን በነኩ ቁጥር ከአንድ ጥንታዊ ግንብ ጋር እየተላተሙ፣ ሥራውን ለአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሲለቁ ኖረዋል። ከጣቢያዎቹ አንዱ በተቆፈረበት ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ የሮማ ወታደሮች ሰፈር ነው። መንገዱ ማን ይባላል? አምባ አራዶም። ራስ ሙሉጌታ የመሩት ጦር በ1928 ዓ.ም. የተሸነፈበትን ተራራ ስም የሮም ማዘጋጃ ቤት ለጎዳና ሰጥቶት፣ ጎዳናው እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል። ጣቢያው ግን በጦርነቱ ስም እንዳይሰየም ዘመቻ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የከተማው ምክር ቤት ከናዚዎች ጋር ሲዋጋ የሞተውን የሶማሊያ ተወላጅ አርበኛ የጆርጆ ማሪንኮላን ስም እንዲይዝ ድምፅ ሰጠ። በመጨረሻ የተለጠፈበት ደግሞ በአጠገቡ ያለው የድሮ ቅጥር በር ስም፣ ፖርታ ሜትሮኒያ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ከአውቶቡስ መስኮት ማየት አይቻልም። በአስጎብኚ ዝርዝር ውስጥም የለም።

ከአዲስ አበባ ሮም የሚሄድ ሰው በአብዛኛው ለሽርሽር ብሎ አይሄድም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የሆኑት ፋኦ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ኢፋድ ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያ ነውና የእርሻና የምግብ ጉዳይ ባለሙያ ለስብሰባ ይሄዳል። ተማሪና ካህን ለትምህርት ይሄዳል። ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን ወደ አገሩ የሚመጣ ዘመድ መንገድ ላይ አንድ ቀን ያድራል። ስብሰባው ሲያልቅ ወይም አውሮፕላኑ እስኪነሣ አንድ ነጻ ቀን ይገኛል፤ ያ ቀን ደግሞ እንዴት እንደሚባክን የታወቀ ነው። ጠዋት ጣራው ክፍት በሆነው ባለ ፎቅ የቱሪስት አውቶቡስ ኮሎሴዎም፣ ትሬቪ፣ ቫቲካን፤ በየደረሱበት ፎቶ፤ ከሰዓት በኋላ ከቤት የታዘዘ ጫማና ቦርሳ ፍለጋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ማታ ሻንጣ ሲዘጋ የትኛው ፎቶ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ባለቤቱም አያውቀው። ለዚህ ነጻ ቀን ከሁሉ የሚሻለው አጠቃቀም አውቶቡሱንም ገበያውንም ትቶ፣ ብቻን፣ በእግር ከተማዋን ማቋረጥ ነው። የሮምና የኢትዮጵያ ነገር የተጻፈው ትኬት በሚሸጥባቸው ቦታዎች ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው ባሉት መንገዶች ላይ ነውና።

«ብቻን» የሚለው ለብዙ አንባቢ ይከብዳል። እኛ አገር ካፌ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው «ምነው፣ ምን ሆነሃል?» ሳይባል አይውልም። ነገር ግን ከጓደኛ ጋር የሚሄድ መንገደኛ በየመታጠፊያው ይደራደራል፤ አንዱ ሲርበው ሌላው አይርበውም፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ልግባ ሲል ሌላው ስልኩን ያያል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን መንገድ ቢስት ማንም አይነዘንዘውም። አንድ ድንጋይ ፊት ግማሽ ሰዓት ቢቆም «እንሂድ» የሚለው የለም። ሮምን ለሚያህል ከተማ ይህ ትልቅ ነጻነት ነው።

ርቀቱም አያስፈራም። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ኮሎሴዎም ድረስ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፤ ከኮሎሴዎም ፓንቴዎን፣ ከፓንቴዎን ደግሞ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ፣ እያንዳንዳቸው ከሁለት ኪሎ ሜትር አይበልጡም። መንገዱ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ፣ አዲስ አበባ ኮብልስቶን ከምትለው ያረጀና ይበልጥ የሚያዳልጥ ስለሆነ የስብሰባ ጫማ ሆቴል ይቅር። ውሃ መግዛት አያስፈልግም። ከተማዋ ውስጥ ወደ 2,500 የሚጠጉ፣ ሮማውያን በቅርጻቸው «ትልልቅ አፍንጫ» የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌሊት በነጻ የሚጠጣ ውሃ ያፈሳሉ። መተከል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ አፍ ይወረወራል፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ያርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ውሃውም አያድንም፤ ሙቀቱ ለእግረኛ አይሆንም። ጥቅምትና መጋቢት ይሻላሉ።

መነሻው ተርሚኒ ይሁን። ከጣቢያው በር ሲወጡ ከፊት የተዘረጋው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፤ ከመካከሉ የስሙን ምክንያት የሚያውቅ ኢጣሊያዊ እንኳ ጥቂት ነው። ከአደባባዩ ወደ ሪፑብሊካ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ትንሽ የአትክልት ቦታ ውስጥ፣ የወታደሮቹ መታሰቢያ ቆሟል። መታሰቢያው ራሱ የግብፅ ሐውልት ነው። ፈርዖን ራምሴስ ዳግማዊ ያሠራው፣ ሮማውያን ከግብፅ ያመጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ። ከአንድ አፍሪካዊ አገር የተወሰደ ድንጋይ፣ በሌላ አፍሪካዊ አገር ጦር ለተሸነፉ ወታደሮች መታሰቢያ ሆኖ ቆመ። ዛሬ ሥሩ የሚታየው መንገደኛና ርግብ ነው።

ይህ ቦታ ሌላም ታሪክ አለው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን ተነቅሎ የተጋዘው ወደዚሁ ነበር፤ የዶጋሊው መታሰቢያ እግር ሥር ተቀመጠ። በ1930 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን እዚህ አየው። ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሱት የመጡትን በጎራዴ ገጠማቸው። ተይዞ በሲሲሊ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1945 ሞተ። አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ይታያል። ለገሃር አንበሳውን ያየ አዲስ አበቤ፣ አንበሳው ከሠላሳ ዓመት በላይ በስደት የቆየበትን የሣር ቦታ ለማየት ከባቡር ጣቢያው አምስት ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። ትኬት የለውም፤ ወረፋ የለውም።

ከአትክልቱ ቦታ ጀርባ ማይክል አንጄሎ ከሮማውያን መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን ያወጣበት ሳንታ ማሪያ ዴሊ አንጀሊ አለ። ወለሉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1702 የተሠራ ረጅም የናስ መስመር ተዘርግቷል፤ ከግድግዳው ቀዳዳ የምትገባው የፀሐይ ጨረር እኩለ ቀን ላይ መስመሩን ታቋርጣለች። ያሠሩት ጳጳስ የፋሲካን ቀን የሚወስነው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ፈልገው ነው። አቆጣጠሩ ሲታወጅ እ.ኤ.አ. በ1582 ከጥቅምት 4 ማግስት ጥቅምት 15 ሆኖ ነበር። የእኛ አባቶች በዚያ ለውጥ አልተስማሙም። ዛሬም ከአውሮፓ የሚመጣ ሁሉ «ለምን ቀናችሁ ይለያል?» እያለ የሚጠይቀው ጥያቄ መልሱ ግማሹ በዚህ ወለል ላይ ተሠርቷል።

ከዚያ በካቩር ጎዳና ቁልቁል ነው። ኮሎሴዎም ሲቀርብ ሕዝቡ ይበዛል፤ ለአንድ ቀን እንግዳ የውስጡ ወረፋ አይመከርም። ከውጭ ዞሮ ማየት ይበቃል፤ ይህን የሚቃወም ብዙ ሰው እንዳለ የታወቀ ነው። ይልቅ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1932 የድሮ ሰፈሮችን አፍርሶ በከፈተው ሰፊ ጎዳና ላይ፣ የማክሴንቲዮስ ባዚሊካ ግንብ ላይ የተለጠፉትን የእብነ በረድ ካርታዎች ልብ ብሎ ማየት ይገባል። አራት ናቸው፤ የጥንቷ ሮማ ግዛት ከአንዲት ነጥብ ተነሥቶ እንዴት እንደሰፋ ያሳያሉ። አምስተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 የተሰቀለው አምስተኛው ካርታ የፋሺስቱን ግዛት ከነኢትዮጵያ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ወርዷል። አራቱን የሚያይ ቱሪስት አምስተኛው የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም፤ ታሪኩን የሚያውቅ እግረኛ ግን እዚያ ግንብ ፊት ጥቂት መቆሙ አይቀርም።

ከኮሎሴዎም አጠገብ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። እ.ኤ.አ. በ315 የተመረቀ ነው፤ የንጉሡ ልጅ ኮንስታንቲየስ ለአክሱሙ ንጉሥ ለኢዛና ደብዳቤ የጻፈ ስለሆነ ዝምድናው ሩቅ አይደለም። ግን ለኢትዮጵያዊ ይህ ቅስት ከቆስጠንጢኖስ ይልቅ የአበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ወደ ማታ ተነሣ። አዲሱ ጫማ አልመች ያለው የክብር ዘበኛ ባልደረባ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት በጥንታዊው አፒያ መንገድ አልፎ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ በዚህ ቅስት ሥር ገባ። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም የደረሰው ከ25 ሴኮንድ በኋላ ነው። የብዙ አገር ጋዜጠኛ «ይህ ማን ነው?» ያለው በዚያች ሌሊት ነው።

አበበ ከራዲ የተለየበት ቦታ ከቅስቱ ብዙም አይርቅም። በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና፣ ዛፎቹ ጥላ በጣሉበት የእግረኛ መንገድ፣ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይደረሳል። በ1952 ዓ.ም. እዚህ አደባባይ ላይ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። 24 ሜትር ርዝመት፣ ወደ 160 ቶን የሚመዝን ድንጋይ፤ ወራሪው ጦር ከአክሱም ጭኖ አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1937 ያቆመው። አበበ ፍጥነቱን የጨመረው እዚሁ ሐውልት አካባቢ ነበር። በስፖርት ታሪክ ውስጥ የአንድ ሯጭ ውሳኔና የአንድ ድንጋይ ታሪክ እንዲህ የተገጣጠሙበት ሌላ ቦታ ማግኘት ይቸግራል።

ሐውልቱ ለምን እስከዚያ ቆየ የሚለው ጥያቄ ያናድዳል። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዛል። ሐውልቱ የሄደው በ2005 ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት። «ከባድ ነው»፣ «ይሰበራል»፣ «ማረፊያ አይገኝም» ሲባል ኖሮ፣ በ2002 መብረቅ መታው። ከዚያ በኋላ ለመብረቅ በተጋለጠበት አደባባይ ይጠበቃል የሚለው ክርክር አልቆም አለ። ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 በጥንት ቦታው ቆሞ ተመረቀ። ዛሬ ፖርታ ካፔና ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጥንታዊ ዓምዶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በሴፕቴምበር 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የቆሙ። መኪናው ዙሪያውን ይጮኻል። ባዶውን ቦታ ለማየት ብቻ እስከዚህ መምጣት ዋጋ አለው፤ ከአክሱም ውጭ ስለ ሐውልቱ ይህን ያህል የሚናገር ቦታ የለምና።

ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ ደግሞ ፋኦ ነው። ግንባታው የተጀመረው ለኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር፣ ማለትም ቅኝ ግዛቶችን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነበር፤ ሐውልቱ እዚያ የቆመውም ለዚሁ ነው። ፋኦ እ.ኤ.አ. በ1951 ገባበት። በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ የስብሰባ አዳራሽም አለው። ሳምንት ሙሉ እዚያ አዳራሽ የተሰበሰበ፣ ስምንተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ቡናውን ይዞ ኮሎሴዎምን እያየ ፎቶ የተነሣ ባለሙያ፣ እግሩ ሥር ያለውን አደባባይ ሳያውቀው አገሩ ይመለሳል። የሚወቀሰው እሱ ብቻ አይደለም፤ ለልዑካን ፕሮግራም የሚያወጡት ሰዎች ስንት ጊዜ የእራት ግብዣ ሲያስገቡ ይህችን የአምስት ደቂቃ መንገድ አስገብተው አያውቁም።

ከዚህ በኋላ ቀኑ ይቀላል። ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው የድሮ የፈረስ መሮጫ ሜዳ ዳር ዳሩን አልፎ ወደ ቲቤር ወንዝ ይወረዳል። ወንዙ መካከል ያለችውን ትንሽ ደሴት ከከተማው ጋር የሚያገናኘው የፋብሪሲዮ ድልድይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 ዓመት የተሠራ ሲሆን እስከ ዛሬ ሰው ይሻገርበታል። ድልድዩ በከተማው በኩል የሚነሣበት የድሮው የአይሁድ ሰፈር ነው፤ ጳጳስ ጳውሎስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1555 አይሁዶችን በግንብ ያጠሩበት። ምሳ እዚህ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ሮም ከሚታሰበው በላይ ትመቻለች። የሰፈሩ ታዋቂ ምግብ በዘይት ተጠብሶ ቅጠሉ እንደ አበባ የሚከፈት አርቲቾክ ነው፤ በየዳቦ ቤቱም አይብ የሌለው፣ ቲማቲም ብቻ የተቀባ ፒዛ በሚዛን ተመዝኖ ይሸጣል። «ይህን ያህል» ብሎ በእጅ ማሳየት ቋንቋን ይተካል።

ከምሳ በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ ይዘጋሉ፤ ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ተኩል ወይም አሥር ሰዓት አይከፈቱም። በዝርዝር የሚመራ ጎብኚ በዚህ ይናደዳል። ዝርዝር የሌለው ይቀመጣል። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ርካሽ ነው፤ ወንበር ሲሳብ ዋጋው አብሮ ይሳባል፤ ይህን ሳያውቅ አደባባይ ዳር የተቀመጠ ሰው ሒሳቡ ሲመጣ ይደነግጣል። የአዲስ አበባን ማኪያቶ የለመደ ሰው የሮሙ ሲቀርብለት ወተቱ የተረሳ ይመስለዋል። ሁለት ጉንጭ ነው።

ፓንቴዎን እ.ኤ.አ. በ2023 በ5 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል፤ ይህን መክፈል ይገባል። ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ያለ ብረት የተሠራው ጉልላት ስፋቱ 43 ሜትር አካባቢ ሲሆን አናቱ ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወርዳል። ሰው ሁሉ ሽቅብ ያያል። የሠዓሊው ራፋኤል መቃብር ዘንድ ደግሞ ይሰበሰባል። ኢትዮጵያዊው መንገደኛ ግን የንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊን መቃብር ይፈልግ። የዶጋሊም የዓድዋም ጊዜ ንጉሥ እሱ ነበር፤ የውጫሌ ውል ሲፈረምም ዘውዱ የእሱ ነበር። ከዓድዋ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1900፣ ሞንዛ ከተማ ላይ አንድ አናርኪስት በጥይት ገደለው። «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ» ያለው ልጁ ቪቶርዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ ግን እዚህ የለም፤ ፓንቴዎን ውስጥ አልተቀበረም። አስጎብኚዎች ይህን የሚያነሱት ሲጠየቁ ነው፤ ጠያቂ ደግሞ የለም።

ወደ ናቮና አደባባይ ሲጠጉ፣ ጥግ ላይ አፍንጫውና እጆቹ የረገፉ ምስል አለ፤ ፓስኩዊኖ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1501 እዚያ ከተተከለ ጀምሮ ሮማውያን ጳጳሱንና ሹሙን የሚሸነቁጥ ግጥም ሌሊት እየለጠፉበት ኖረዋል፤ ዛሬም ወረቀት አይጠፋውም። የእኛ ሰው «እረኛ ምናለ?» ብሎ እንደሚጠይቀው፣ የዚያ ዘመን ሮማዊ «ፓስኩዊኖ ምን አለ?» ይል ነበር። ትንሽ አለፍ ብሎ ሳንት አጎስቲኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካራቫጆ የሣላት ድንግል ማርያም ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ ሁለት ድሆች ተሳላሚዎች ተንበርክከዋል፤ የወንዱ ባዶ እግር መንገድ የበላው፣ አፈር የለበሰ ሆኖ ልክ ተመልካቹ ዓይን ፊት ተደርጓል። በዘመኑ ይህ እግር ብዙ አስወርቷል። መግቢያው ነጻ ነው። ከቫቲካን ሙዚየም ወረፋ ሁለት ሰዓት ተቀንሶ ለዚህ ሥዕል ሩብ ሰዓት ቢሰጥ የሚጎዳ የለም።

እውነተኛ የእግር መንገደኞች ደግሞ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ነበሩ። ከኢየሩሳሌም እየተነሡ ባሕርና ተራራ አቋርጠው ሮም የሚገቡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጳጳስ ሲክስቶስ አራተኛ የሰጧቸውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ማደሪያ አደረጉ። ዛሬም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል፤ በቫቲካን ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ሳይፈርስ የቆየው ጥንታዊው እሱ ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዝ የተማረው ከሮም ኢትዮጵያውያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ፤ በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በግራኝ ጦርነት ዘመን አገሩን ለቆ መጥቶ፣ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። አታሚዎቹ ቋንቋውን አያውቁም፤ መነኮሳቱ ማተሚያውን አያውቁም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት እዚሁ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። የሁለቱ ወዳጅነት የግዕዝ መዝገበ ቃላትና የኢትዮጵያ ታሪክ ወለደ፤ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ቋንቋ ደንቡ መጀመሪያ በመጽሐፍ የተቀመጠለት፣ አንድ የወሎ ሰውና አንድ የኤርፉርት ሰው ሮም ላይ በመቀመጣቸው ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ማንም እንደፈለገ አይገባም። ጉልበቱ ያልዛለ ግን የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት 551 ደረጃ ወጥቶ ወደ ኋላ ወደ አትክልቱ ቢያይ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም አጠገብ ያለውን የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃም ከላይ ያገኛቸዋል። ጉልላቱ ከመሸ አይከፈትም፤ ሊፍቱም ከመንገዱ የተወሰነውን ብቻ ነው የሚያቃልለው።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ ዘና ያለ የእግር ጉዞ ለሁሉ እኩል እንዳልተፈቀደ መሸፋፈን አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ መልስ መስጫውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ከተርሚኒ ጥቂት ደቂቃ የሚርቀው የኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከኖሩበት ሕንፃ ተባርረው ሜዳ ላይ ያደሩበት፣ ፖሊስም በውሃ መርጫ የበተናቸው ቦታ ነው። ብዙዎቹ የስደተኝነት ወረቀት የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ ጥቁር መንገደኛ ፓስፖርቱን ይያዝ፤ ሊጠየቅ ይችላል። በዚያው ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ቀኑን በእንጀራ መዝጋት የሚፈልግ ሰው ከሆቴሉ ባለቤት ምክር ይልቅ እዚያ የሚሠሩትን ወንድሞችና እህቶች ቢጠይቅ ስለ ከተማዋ የተሻለ ይነግሩታል፤ የሚከፈልበትን፣ የማይከፈልበትን፣ ኪስ የሚዳበስበትን አውቶቡስ ጭምር።

ሁለተኛ ቀን የተረፈው ሰው ካለ፣ እሁድ ከሆነለት፣ 118 ቁጥር አውቶቡስ ይዞ ወደ ጥንታዊው አፒያ መንገድ ይውጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የተጀመረው ይህ መንገድ እሁድና በበዓል ቀን የተወሰነው ክፍሉ ለመኪና ይዘጋል። ትልልቆቹ ጥቁር ድንጋዮች የጋሪ ጎማ የፈለጣቸው ናቸው፤ በጫማ እንኳ ያሰናክላሉ። አበበ እዚህ ያለፈው በጨለማ ነው።